የረሳችኋቸው ጥቃቅን እንስሳት

ብናኞች ባሕር ውስጥ ተጣብቀው «የባሕር በረዶ» እንደሚሆኑና ካርቦን ይዘው ወደ ጥልቁ እንደሚወርዱ ጽሑፋችሁ በደንብ አስረድቷል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ጥቃቅኖቹ እንስሳት ግን ተረስተዋል። ጎንደር ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼን የሚያስደንቃቸው ይኸው ነው። የጤፍ ፍሬ የምታክለው ኮፔፖድ የለቀመችውን አልጌ በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ኩስ አድርጋ ትጥለዋለች፤ ተበታትኖ ሲንሳፈፍ የነበረው ያኔ ቶሎ ይሰምጣል። ላርቫሽያን የሚባለው ደግሞ ምግቡን የሚያጠልበት፣ ከንፍጥ የተሠራ ቤት አለው። ሲደፈንበት ጥሎት ሌላ ይሠራል፣ ያውም በቀን ደጋግሞ! የተጣለው ቤት ብናኝ እየሰበሰበ ይወርዳል። ሽሪምፕ የሚመስለው ትንሽ የባሕር እንስሳ፣ ክሪል፣ ግን ሲዋኝ የተጣበቀውን ይበታትነዋል። የመገጭ ወንዝ በክረምት ጭቃውን ተሸክሞ ጣና ሲገባ ባየሁ ቁጥር፣ እዚያ ያሉት ኮፔፖዶች ምን ያደርጉበት ይሆን እላለሁ። እባካችሁ ስለ ሐይቃችንም ጻፉልን።