መጀመሪያ ዕጢው ጋ ይድረሱ

ካር-ቲ የሚባለው ሕክምና በደም ካንሰር ላይ ተአምር የሚመስል ሥራ ሠርቷል። ቲ-ሴሎች የተባሉት የሰውነት መከላከያ ሴሎች ከታማሚው ደም ይወሰዳሉ፤ ካንሰሩን እንዲለዩ ዘረመላቸው ይቀየራል፤ ከተባዙ በኋላ ወደ ደሙ ይመለሳሉ። አሜሪካ የመጀመሪያውን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

በጡት፣ በሳንባና በአንጎል ዕጢ ላይ ግን ነገሩ ከባድ ሆኗል። የደም ካንሰር ቲ-ሴሉ በሚዘዋወርበት ደም ውስጥ ይገኛል። ጠጣር ዕጢ ግን በወፍራም ሕብረ ሕዋስ ተከቦ ይቀመጣል። የደም ሥሮቹ የተዘበራረቁ ናቸው። እንደምንም የገባውን ቲ-ሴል ደግሞ ቲጂኤፍ-ቤታን በመሳሰሉ ኬሚካሎች ያደክመዋል።

"እንግዲያው ሴሉን የበለጠ ኃይለኛ እናድርገው" የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን መቅደም ያለበት መድረሱ ነው እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የአሜሪካ ዘገባ አለ። የአንጀት ካንሰሯ የተሰራጨባት ሴት ሄር-2 የተባለውን ፕሮቲን የሚያጠቁ ቲ-ሴሎች በደም ሥሯ ተሰጧት። ሳንባም ያን ፕሮቲን በጥቂቱ ይይዛል። ወዲያው መተንፈስ አቃታት፤ በ5ኛው ቀን ሞተች። ተመራማሪዎቹ እንደገመቱት ሴሎቹ ያጠቁት ሳንባዋን ነበር። ኃይል አላነሳቸውም።

አሁን በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተደረገውን ሙከራ እንይ። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ልጆችን የሚይዝ፣ በቀዶ ሕክምና የማይወጣ የአንጎል ግንድና የሕብለ ሰረሰር ዕጢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ውጤት 11 ታማሚዎች በዕጢው ሴሎች ላይ ያለውን ጂዲ2 የተባለ ምልክት የሚያድኑ ቲ-ሴሎች ወስደዋል። መጀመሪያ በደም ሥር፣ ከዚያ ለ9ኙ በቀጥታ ወደ አንጎል ፈሳሽ ተሰጧቸው። የ4ቱ ዕጢ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። የአንዱ ጨርሶ ጠፋ። ዕጢው ሲያብጥ አደጋ ስላለው ጥብቅ ክትትል ያስፈልጋል፤ ቢሆንም ይህ ለእነዚያ ቤተሰቦች ትልቅ ተስፋ ነው።

"በመላ ሰውነት ለተሰራጨ ካንሰር በየቦታው መርፌ ሊወጋ ነው?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አይቻልም። ለዚያ ሌላ መንገድ እየተሞከረ ነው። ብዙ ዕጢዎች ኢንተርሉኪን-8 ያመነጫሉ። ቲ-ሴሉ ላይ የዚህ ኬሚካል ተቀባይ ሲጨመርበት ሽታውን ተከትሎ ወደ ዕጢው ይሄዳል። የምርምር ገንዘብ በብዛት መሄድ ያለበት ወደዚህ ዓይነቱ ሥራ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ከተመራማሪዎች እጠብቃለሁ። ዕጢው ስንት በመቶ እንደቀነሰ ብቻ አይንገሩን። ናሙና መውሰድ ሲቻል ምን ያህል ሴል ዕጢው ውስጥ እንደተገኘም ይጻፉ። አለዚያ ሙከራው ሲከሽፍ ሴሉ ደርሶ ተሸንፎ ይሁን፣ መንገድ ላይ ቀርቶ መለየት አይቻልም።