የጠላው በርሜል ከምን ተሠራ?

በሰሜን ሸዋ ገበያዎች ጋን የሚሸጥበት ጥግ እየጠበበ፣ የፕላስቲክ በርሜልና ጀሪካን የሚደረደርበት እየሰፋ ነው። በጠማቂዎቹ አልፈርድም። ጋን ይከብዳል፣ ይሰበራል፤ በርሜል በአህያም በባጃጅም ይጫናል። ደብረ ብርሃን ላይ ገዢው ሲመርጥ ክዳኑን ከፍቶ ያሸታል፣ ጎኑን በጣቱ ያንኳኳል፣ ከዚያ ዋጋ ይከራከራል። እርሳስና ካድሚየም የተባሉት መርዛማ ብረቶች ግን አይሸቱም።

እነዚህ ብረቶች ፕላስቲክ ውስጥ የሚገቡት በዋናነት በቀለም በኩል ነው። ደማቅ ቢጫ ከእርሳስ ክሮሜት፣ ቢጫና ቀይ ከካድሚየም ውህዶች ለረጅም ዘመን ሲሠራ ኖሯል። ፒቪሲ የተባለው የቧንቧ ፕላስቲክ በሙቀት እንዳይበላሽም የእርሳስ ጨው ይጨመርበት ነበር። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ዳግም የቀለጠው ነው፤ ቆራሌው የሰበሰበው የባትሪ ቅርፊትና የአሮጌ ቴሌቪዥን ሽፋን ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ከቀለጠ በኋላ ምንጩን የሚለይ ዓይን የለም። (ኬሚካል ተጓጉዞበት፣ ማስታወቂያው ተልጦ ሙጫው ብቻ የቀረው ሰማያዊ በርሜል ሌላ ጣጣ ነው።)

ጠላ ኮምጣጣ ነው፤ በርሜሉ ውስጥም ቀናት ይሰነብታል። አሲድ፣ ሙቀትና ጊዜ ደግሞ ብረትን ከፕላስቲክ ለማውጣት የሚተባበሩ ናቸው። እርጎም፣ በፌስታል የሚቋጠር ትኩስ ወጥም ከዚህ አያመልጡም። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አይታወቅም ይላል፤ ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል።

ታዲያ እንዴት ይለይ? በተለመደው ዘዴ ናሙናው በአሲድ ይሟሟል፣ ከዚያ በአርጎን ጋዝ በሚሠራ ውድ መሣሪያ ይለካል። ጋዙ ሲያልቅ ሥራው ይቆማል። የሌዘር ስፔክትሮስኮፒ መንገድ አጭር ነው። አጭር የሌዘር ምት ፕላስቲኩ ላይ ሲያርፍ የነጥብ ያህል ቦታ ከ10,000 ዲግሪ በላይ ግሎ ፕላዝማ ይሆናል፤ ሲበርድ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን ብርሃን ይለቃል። በብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ሲለካ እርሳስ 405.8 ናኖሜትር፣ ካድሚየም 508.6 ናኖሜትር አካባቢ ይታያል። አሲድ አያስፈልግም፣ አርጎንም ግድ አይደለም፤ በርሜሉ ላይ የምትቀረው ጠባሳም በዓይን የምትታይ አይደለችም ማለት ይቻላል።

ጉድለቱን አልደብቅም። እጅግ ጥቃቅን መጠኖችን ሊስት ይችላል፤ መጠኑ በትክክል እንዲታወቅም መሣሪያው ይዘታቸው በታወቀ ተመሳሳይ ፕላስቲኮች መቃኘት አለበት። ደግሞም የሚነግረን ፕላስቲኩ ውስጥ ያለውን ነው፤ ወደ ጠላው የሚገባውን አይደለም። ለማበጠር ግን በቂ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በማሸጊያ ላይ ለእርሳስ፣ ካድሚየም፣ ሜርኩሪና ባለ ስድስት ክሮሚየም (መርዛማው የክሮሚየም ዓይነት) ድምር ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 100 ሚሊግራም ነው፤ በእርሳስ ቀለም የደመቀ ዕቃ ከዚህ በብዙ እጥፍ ሊያልፍ ይችላል። የተጠረጠረው ተለይቶ በኮምጣጣው ጠላ ፈንታ 3 በመቶ አሴቲክ አሲድ (የኮምጣጤ አሲድ) ተሞልቶበት በ40 ዲግሪ 10 ቀን ይቀመጥ፤ የወጣው ይለካ።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል ሕግ ሲያጸድቅ የታሰበው መንገድ ላይ የሚበተነው ቆሻሻ ነው። በርሜሉን ማን ያየዋል? በእኔ እምነት ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲና የዞኑ ንግድ መምሪያ ተጣምረው ከገበያ እየገዙ መመርመር፣ ውጤቱን በዕቃው ዓይነትና በቀለሙ መለጠፍ ይችላሉ። የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ነው፦ ቁጥጥር በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚወረሰው የጠላ ሻጯ በርሜል ነው። እሷ የገዛችው ገበያ ያቀረበላትን ነው። ቅጣቱ ከአቅላጩና ከአስመጪው ይጀምር፤ የእሷ በርሜል የሚነሳ ከሆነም ምትኩ በዚያው ቀን ይሰጣት።