ሮጦ ከቡና ማምለጥ

ደሴ ፒያሳ ላይ ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ አንድ ልጅ አለ። ዕድሜው ቢበዛ አስራ ሁለት ነው። ካርቶን አንጥፎ ሚዛኑን ከላዩ ያስቀምጣል። ከዚያ ከአላፊ አግዳሚው መሃል ቦርጭ ያለውን በዓይኑ እየለቀመ ይጣራል። "ጋሼ፣ ኪሎዎን ይወቁ!" እኔን ሲጣራ ወራት አልፈውታል። አንድ ቀን፣ ደመወዝ የወጣ ዕለት፣ ደፈርኩና ወጣሁበት። መርፌዋ ሮጠች። 70ን አለፈች። 80ን አለፈች። እንደ ደከመው መንገደኛ ወዲያ ወዲህ ብላ 86 ላይ ቁጭ አለች። ልጁ መርፌዋን አየ። እኔን አየ። ደግሞ መርፌዋን አየ።

"ጋሼ፣ ይውረዱልኝ። ሚዛኑ የአጎቴ ነው።"

ከፍዬ ወረድኩ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። "86 ገባሁ" አልኳት፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፄን ዝቅ አድርጌ። "እሰይ! የማን ጓዳ ሆነና!" አለች።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። እኛ ጋ ውፍረት የምስክር ወረቀት ነው። ሰው ወፍሮ ሲታይ "ተመችቶሃል"፣ "ወዝ አወጣህ"፣ "ማሻ አላህ" ይባላል። ሚስቱ ትመሰገናለች። እናቱ ትመረቃለች። "ከሳህ" ግን የሚባለው በሹክሹክታ ነው። ወዲያው ተከትሎ "ምነው? ታመሃል ወይ?" ይመጣል። የመሥሪያ ቤታችን አንድ ባልደረባ ባለፈው ዓመት ወዶና ፈቅዶ ስድስት ኪሎ ቀነሰ። ለሕክምናው መዋጮ ተሰበሰበለት። ደህና መሆኑን ቢምል ቢገዘት ማን ይስማው። "ጠንካራ ነው፣ ለሰው አይናገርም" ተባለ። ገንዘቡን በመጨረሻ ተቀበለ። ምን ያድርግ?

እኔ ግን ቆርጬ ነበር። ጫማዬን የማስርበት ወንበር ላይ ተቀምጬ ጫማዬ ካልታየኝ ሰነባብቷል። ጥያቄው ልሩጥ ወይስ ልራመድ የሚለው ነበር። ጉዳዩን ቢሮ ሳነሳው ቢሮው ለሁለት ተከፈለ። የሯጮቹን ወገን የሚመራው ከሒሳብ ክፍል የሆነ ወጣት ነው። ሒሳብ ክፍል ስለሆነ ሒሳቡን ሠራልኝ። የሮጠ ሰው በአንድ ኪሎ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ፣ አንድ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። እኔ 5 ኪሎ ሜትር ብሮጥ ወደ 430 ካሎሪ መሆኑ ነው። ያንኑ መንገድ በእግሬ ብሄደው 300 አካባቢ። "ልዩነቱ ሰማይና ምድር አይደለም" አልኩት። "ሰዓቱን ተወውና" አለኝ። ሩጫው በ40 ደቂቃ ያልቃል፣ እርምጃው አንድ ሰዓት ይፈልጋል። እኩል አንድ አንድ ሰዓት ከተሰጣቸው ሩጫ እርምጃን ከእጥፍ በላይ ይበልጠዋል።

የእግረኞቹ ወገን አባት ደግሞ ጎረቤቴ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ሰባ ዓመት አልፏቸው እንደ ሸምበቆ ቀጥ ያሉ ሰው። "ልጄ፣ ጉልበትህን አስብ" አሉኝ። ሰው ሲሮጥ እያንዳንዱ እግሩ መሬት በረገጠ ቁጥር የክብደቱን ሁለት ሦስት እጥፍ ይሸከማል። በእኔ ኪሎ ስንመታው፣ በአንድ እግር ላይ ሁለት ኩንታል ጤፍ። እሱም ተራግፎ ሳያበቃ ሌላ ሁለት ኩንታል። በርበሬ በረንዳ ያለ ተሸካሚ እንኳን እንዲህ አይሠራም።

ያም ሆኖ ሩጫውን መረጥኩ። ቶሎ የሚያልቀውን መምረጥ የሰነፍ ሰው ብልሃት ነው።

ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት። የደሴ ጉም መንገዱን ሞልቶታል። የልጄን ቱታ ለብሼ ወደ ሆጤ ሜዳ ተነሳሁ። ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ይህን በጂኦግራፊ ተምሬዋለሁ፣ የገባኝ ግን በሁለት መቶኛው ሜትር ላይ ነው። ሳንባዬ አየር ይጠይቃል፣ የሚመጣው ጉም ነው። እንደ በቆጂ ልጆች የሚያደርገኝ መስሎኝ ነበር። እነሱም የሚያድጉት በከፍታ ቦታ ነው፣ ልዩነቱ እኔ ከፍታው ላይ ያደግኩት ቡና እየጠጣሁ መሆኑ ነው።

መታጠፊያው ላይ እትዬ ደጃቸውን ይጠርጋሉ። የሰፈራችን ሁሉ እናት ናቸው። አዩኝና መጥረጊያቸውን ጣሉ።

"ኸይር ነው? ኸይር ነው ወይ?"

መመለስ ነበረብኝ። ግን እንዴት? በእርምጃና በሩጫ መካከል ያለው አንዱ ልዩነት ይሄ ነው። ሐኪሞች መጠነኛ እንቅስቃሴ የሚሉት እያደረጉት ማውራት የሚቻለውን፣ መዝፈን ግን የማይቻለውን ነው። ጠንካራው ደግሞ ሁለት ሦስት ቃል ወርውረህ ትንፋሽ የምትፈልግበት ነው። እኔ ሁለት ሦስቱም አልነበረኝም። እጄን አወዛወዝኩላቸው። "ምንም የለም፣ ስፖርት ነው" ለማለት ነበር። እጅ ግን ስፖርት ማለት አይችልም። እጅ የሚችለው "አልቋል፣ ቀረ፣ ሄደ" ማለት ነው።

ሆጤ ደርሼ፣ ግማሹን ቆሜ ግማሹን ተቀምጬ፣ ተመለስኩ። በራችን ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንዷ ገና ከመግቢያው "የኔን እናት!" እያለች ደረቷን ትመታለች። እናቴ ደግሞ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ደህና ቁርሷን እየበላች ናት። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ጥሩምባውን ሊያመጣ ቤቱ ሄዷል። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ፣ "ማን እንደሞተ የሚነግረኝ ጠፋ" ትላለች።

"ማንም አልሞተም። እየሮጥኩ ነው" አልኩ።

"ከማን?" አሉ እትዬ።

ይህ እስከ ዛሬ ሰምቼው የማላውቀው ጥሩ ጥያቄ ነው። ከቦርጬ ነው ብል ማን ይረዳኛል?

ወሎ ውስጥ ደግሞ ሰው ለልቅሶ መጥቶ ሟች ታጣ ተብሎ በባዶ አይመለስም። ባለቤቴ ረከቦቷን ዘረጋች። ዱዓ ተደረገ፣ እሰይ እንኳን ቀረ ተባለ። አቦል ወረደ። ቶና ተከተለ። እስከ በረካ ድረስ ማንም ንቅንቅ አላለም። እኔን "ደንግጠሃል፣ ብላ" ብለው ጭኮ አቀረቡልኝ። ጭኮ የገብስ ዱቄት በቅቤ ነው። ከውስጡ ያለው አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻ ከ100 ካሎሪ ያልፋል። ስንት ማንኪያ እንደገባበት አልጠየቅኩም። ሒሳብ ክፍሉ ልጅ በኋላ ሠርቶ፣ "ባትሮጥ ይሻልህ ነበር" አለኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ እርምጃው ዞርኩ፣ መምህሩን ተከትዬ። እሳቸው ፈጥነው ይራመዳሉ። መዝፈን እስኪያቅት ድረስ የሚለውን መለኪያ ነገርኳቸው። ቆም ብለው አሰቡ። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸው የእኛው አገር ስም ነው። "ይህን ፈተና ያወጣው ሰው ወሎን አያውቅም" አሉ። በትዝታ እየተራመድክ ከሆነ እግርህም እንደ ዜማው እየተጎተተ ስለሆነ ምንም አይቀንስልህም። እሳቸው ሞከሩልኝ። የአምባሰልን አንድ ስንኝ እየፈጠኑ ጀመሩት፣ ግማሹ ላይ ትንፋሽ አጠራቸው። "ይሄውልህ፣ ልኩ ይሄ ነው" ብለው ቀጠሉ።

እርምጃ ለሳንባ ይመቻል። ለጉልበትም ይመቻል። ችግሩ ለሰላምታም ይመቻል። የሚራመድን ሰው ማስቆም ይቻላል። ያውም በእኛ አገር ሰላምታ "ደህና ነህ" ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ልጆቹ ይጠየቃሉ። እናት ትጠየቃለች። ኮምቦልቻ ያለችው እህት፣ የእህት ባል፣ ባለፈው ታመመ የተባለው የእህት ባል ወንድም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ወይም 75 ደቂቃ ጠንካራውን ይመክራል። ሰላምታው እንደማይቆጠር ግልጽ ነው። እኔ በአንድ ሰዓት ጉዞ 23 ጊዜ ቆሜ አውቃለሁ፣ ቆጥሬ።

ከሰላምታው በኋላ "ቡና ደርሷል፣ ግባ" አለ። "ስፖርት ላይ ነኝ" ብትል፣ "ታዲያ ስፖርት ቡና ይከለክላል?" ነው መልሱ። "አቦሉን ብቻ" ብለህ ትገባለህ። አቦሉን ብቻ ጠጥቶ የወጣ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። በረካ ሳይጠጡ መነሳት በረከቱን ረግጦ መሄድ ነው። ሦስት ስኒ፣ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር። አንድ ማንኪያ 16 ካሎሪ ገደማ ነው። በአንድ ቤት ወደ 100 ካሎሪ በስኳር ብቻ። ዳቦውና ቆሎው ሳይቆጠር። ሦስት ቤት ከገባህ የሰዓቱን እርምጃ ሙሉ በሙሉ አወራርደሃል። ስልኬ በስተመጨረሻ "እንኳን ደስ አለህ" ሲለኝ እኔ የሁለተኛውን ቤት ዳቦ እያላመጥኩ ነበር።

ስለ ስልኩ ካነሳሁ አይቀር። 10,000 እርምጃ በቀን የሚባለው ነገር የሐኪም ትእዛዝ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ የመጣው ከጃፓን ነው፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ። የመሣሪያው ስም ራሱ "የአስር ሺህ እርምጃ መለኪያ" ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ሕሊናዬ ቀለል አለው። በማግስቱ ስልኩን ኳስ ሊጫወት ለሚሄደው ልጄ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ማታ 14,000 ይዞልኝ ገባ።

ለሯጩም ለእግረኛውም ወገን ያልታያቸው አንድ ነገር አለ። ነገሩ እግር ላይ ሳይሆን በር ላይ ነው። ስንት በር ላይ ታልፋለህ? ሩጫ በወሎ ያለው ብልጫ አንድ ብቻ ነው፣ "ግባ" ሳይሉህ በሩን ማለፍህ። እሱም እንዳየነው በልቅሶ ይመለስብሃል። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ማንንም አይጠየፍም፣ መጥቶ የሚመለስ የለም ለማለት። በሥሩ ሳልፍ ሁልጊዜ ሆዴን አስታውሳለሁ። የኔም ሆድ አይጠየፍ ነው። መጥቶ የተመለሰ ምግብ አያውቅም።

መፍትሔው የመጣው ከመምህሩ ነው። "በር የሌለበት እንሂድ" አሉ። በጦሳ ተራራ አቅጣጫ ሽቅብ። ዳገት ላይ የሚራመድ ሰው ሜዳ ላይ ከሚራመደው በጣም የበለጠ ያቃጥላል፣ ዳገቱ ከጠና ሩጫን ይቀርባል። ጉልበት ላይ ግን ሁለት ኩንታሉ አይወርድም። ደሴ ላይ ዳገት ፍለጋ አይኬድም፣ ከቤትህ ስትወጣ ይጠብቅሃል። እዚያ አንድ ችግር ብቻ ነበር፣ ባጃጅ። የሰፈሩ ባለ ባጃጅ እያላበኝ ስወጣ ባየኝ ቁጥር ይቆማል። "ጋሼ ይግቡ፣ ሂሳብ አልፈልግም። ሰው ነን፣ ይቸግራል።" ደመወዝ ቆሞበታል ተብሎ እንደተወራ የሰማሁት በኋላ ነው።

ስኳሩንም ተውኩት። እትዬ ቤት ስኒዬን በእጄ ከድኜ "ያለ ስኳር" ስል ጀበናው አየር ላይ ቆመ። "ስኳር ያዘህ እንዴ?" አሉ። "አልያዘኝም፣ እኔ ነኝ ስኳር ያልያዝኩት" አልኩ፣ ቀልድ መስሎኝ። አልሳቁም። "አብሽር" ብለው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሰው ሲያየኝ ድምፁ ይለሰልሳል።

አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው። በቀን 300 ብታቃጥል፣ በላዩ ምንም ካልጨመርክ፣ አንዱን ኪሎ ለመጣል ሃያ አምስት ቀን ከምናምን ይፈጅብሃል። ዳገቱን በየቀኑ አልወጣሁም። ዝናብ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ስንፍና አለ። ሁለት ወር ተኩል በግማሽ ልብ ሄድኩበት።

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ወረድኩ። ልጁ እዚያው ካርቶኑ ላይ ነው። ሳይጠራኝ ሄጄ ወጣሁበት። መርፌዋ 80ን አለፈች፣ ተንገዳገደች፣ 83 ላይ ቆመች። ሦስት ኪሎ! ልጁ እንዲያመሰግነኝ ጠበቅኩ። መርፌዋን አየ። ፊቴን አየ። ሱሪዬን የያዝኩበትን ቀበቶ አየ።

"ጋሼ፣ ታመው ነበር እንዴ?"

ገንዘቡን ዘረጋሁለት። እጄን በሁለት እጁ መለሰው።

"ይያዙት ጋሼ። ለመድኃኒት ይሆንዎታል።"