ደንገጎን አንድ ጠዋት ለሳይክል ስጡን

ድሬ ላይ የስፖርት ወሬ ከተነሳ መጨረሻው አንድ ነው፤ ስታዲየም። ይስፋ፣ ጣሪያ ይሠራለት፣ የካፍን ደረጃ ያሟላ። እሺ፣ ይሁን። እኔም ኳስ እወዳለሁ። ግን አቦ፣ አንድ ብሎኬት ሳይደረደር የዓለም ምርጥ ስፖርተኞችን ላብ በላብ የሚያደርግ ሜዳ አለን እኮ! ከከተማው መውጫ ይጀምራል፣ ደንገጎ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያስጨርሳል፣ በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ሐረር ይገባል። እዚህ መንገድ ላይ የብዙ ቀን የብስክሌት ውድድር መደረግ አለበት ባይ ነኝ። ከስታዲየሙም በፊት።

ይህን እንድል ያደረገችኝ ሩዋንዳ ናት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ኪጋሊ የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮናን አስተናግዳለች፤ ውድድሩ አፍሪካ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። የወንዶቹን ዋና ውድድር ስሎቬኒያዊው ታደይ ፖጋቻር ወሰደው። ርቀቱ 267 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዳገት በዳገት። ከተነሱት ከ160 በላይ ብስክሌተኞች ጨርሰው የገቡት 30 ብቻ ናቸው። ኪጋሊ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ትጠጋለች። እስቲ አስቡት።

ሩዋንዳ ግን አንድ ቀን ተነስታ እዚያ አልደረሰችም። ቱር ዱ ሩዋንዳ የሚባለውን የራሷን ውድድር በ1988 ጀመረች። ከዚያ የመጣውን መከራ ሁላችንም እናውቃለን። ውድድሩ በ2009 ዓለም አቀፉ መርሐ ግብር ውስጥ ገባ፣ በ2019 አንድ ደረጃ ከፍ አለ፣ ትልልቆቹ የአውሮፓ ቡድኖችም መምጣት ጀመሩ። የብስክሌትን ትልቁን ውድድር ቱር ደ ፍራንስን አራት ጊዜ ያሸነፈው ክሪስ ፍሩም ሳይቀር በ2023 ሄዶ ተወዳድሯል። ወደ ዓለም ሻምፒዮናው ያደረሳቸው በየዓመቱ ሳይሰለቹ የራሳቸውን ዳገት መውጣታቸው ነው።

የብዙ ቀን ውድድር እንግዳ ለሆነበት ሰው ባጭሩ ላስረዳ። በየቀኑ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ይነዳል፣ የየቀኑ ሰዓት ይደመራል፣ በድምሩ ትንሽ ሰዓት የፈጀው ያሸንፋል። አንዱን ቀን ምዕራፍ እንበለው። ቱር ደ ፍራንስ 21 ምዕራፍ አለው፣ ርቀቱ ወደ 3,400 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በ1989 አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ፈረንሳዊውን ሎራን ፊኞን የበለጠው በ8 ሰከንድ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተራራ ወጥተህ፣ ዝናብ ጠጥተህ፣ በ8 ሰከንድ ትሸነፋለህ!

ደግሞ በየቀኑ የሚደምቀው ሰው ይለያያል። ሜዳ ሲሆን መጨረሻ ላይ የሚፈተለኩት ፈርጣሞች ያሸንፋሉ፣ ዳገት ሲሆን ቀጫጭኖቹ ወደፊት ይወጣሉ። ከኋላ የሚነዳ ሰው ነፋሱን የፊተኛው ስለሚሰብርለት ጉልበቱ ይተርፋል፤ ስለዚህ በየቡድኑ አለቃቸውን ለማሳረፍ ቀኑን ሙሉ ፊት ሆነው ነፋስ ሲመታቸው የሚውሉ፣ ውሃ የሚያመላልሱ፣ አለቃው ጎማው ሲተነፍስበት የራሳቸውን አውልቀው የሚሰጡ፣ ስማቸውን ግን ከቤተሰባቸው በቀር ማንም የማያነሳ ልጆች አሉ። በ10,000 ሜትር የቡድን ሥራ ሲጨበጨብ ያደገ ሕዝብ ይህ ሊከብደው አይገባም።

የድሬ ካፌ ባለቤቶች ግን ገና አልገባቸውም። ሐምሌ ላይ አንዱን ቱሩን ክፈትልኝ ብዬው ሪሞቱን እንደያዘ ትንሽ አየና «አቦ ይሄ ምን አለው? ዝም ብለው ሲነዱ ነው እንዴ የሚውሉት?» ብሎ ወደ ድሮ የኳስ ጨዋታ መለሰው። እውነቱን ነው፣ ሕጉን ካላወቅህ ዝም ብለው ሲነዱ ነው የሚውሉት።

እንግዲህ መንገዱን እንየው። ለጀማሪ አራት ቀን ይበቃል።

የመጀመሪያው ቀን ከዚራ። በ1902 ባቡሩ ድሬ ሲገባ የተወጠነ ሰፈር ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ሜዳ፣ ዛፍ ያጠላበት። ከባቡር ጣቢያው ፊት ተነስቶ ሰፈሩን እየደጋገመ መዞር ነው። ሕዝቡ ወንበሩን አውጥቶ በሩ ላይ ይቀመጣል፣ እንደወትሮው። ልዩነቱ በየአሥር ደቂቃው መቶ ሳይክል ሹው ብሎ ማለፉ ነው። ቲኬት የለም፣ ወረፋ የለም።

ሁለተኛው ቀን ደንገጎ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ቱር ደ ፍራንስ ላይ ስሙ የሚፈራው አልፕ ዱዌዝ የሚባል ዳገት 13.8 ኪሎ ሜትር ነው፣ 21 ጠመዝማዛ መታጠፊያ አለው፣ በአማካይ 8 በመቶ ያህል ይወጣል። ደንገጎ እንደዚያ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ አልዋሽም። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 2,000 ሜትር ትጠጋለህ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። አልፕ ዱዌዝ አናቱ ላይ ስትደርስ፣ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ውድድሩ ያልቃል፤ ሻወርህን ትወስዳለህ። እኛ ጋ በዚያ ከፍታ ላይ ገና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀርሃል። ከታች የድሬ ሙቀት ሰውነትህን አሟሙቶታል፣ ላይ የሐረማያ ነፋስ ይቀበልሃል፣ ከኋላህ ያሉት እየተጠጉ ነው። ብቻህን ያመለጥክ እንደሆነ ያ 30 ኪሎ ሜትር ጉድ ያፈላብሃል።

አጭር ነው ለሚሉኝ፣ ከድሬ ሐረር በድምሩ ከ50 ብዙም የማይበልጥ ኪሎ ሜትር መሆኑን አውቃለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። ደንገጎ መገንጠያው ላይ መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቁልቢ ይታጠፉ፣ ቁልቢ ደርሰው ይመለሱ፣ ከዚያ ወደ ሐረር። የቁልቢን መውጫና መውረጃ ያየ ሰው ምን እያልኩ እንደሆነ ይገባዋል። መጨረሻው ወደ ጀጎል በሚወስደው ሰፊው አስፋልት ላይ ይሁን። ጀጎል ውስጥ እናስገባቸው የሚል ሰው አይጠፋም፣ ለፎቶ ያምራል ተብሎ። እባካችሁ ተዉት። እዚያ ጠባብ መንገድ ውስጥ አንድ አህያ ከቆመች ውድድሩ አበቃ።

ሦስተኛው ቀን ሐረር ጅግጅጋ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል። ከባቢሌ በኋላ የዳካታ ሸለቆ አለ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ አሁን ወደቀ አሁን ወደቀ የሚያሰኝ። ቴሌቪዥን የሚፈልገው ይህንን ነው። ቱር ደ ፍራንስን ከሚያየው ሰው ብዙው ከሄሊኮፕተር ላይ ለሚታየው እርሻና ቤተ መንግሥት ነው ቁጭ የሚለው፤ ሳይክሉ ሰበብ ነው። አራተኛው ቀን በዚያው መመለስ።

ተወዳዳሪውስ ከየት ይመጣል? ይኸው ደንገጎ ላይ አለ። ከሐረር ወደ ድሬ በሚኒባስ የወረደ ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ዕድሜያቸው አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ቢሆን ነው። ሲወጡ የአይሱዙ ጀርባ በአንድ እጅ ጨብጠው ይጎተታሉ፣ ሲወርዱ ሹፌራችንን ቀድመውት ይሄዳሉ። አንዱን መታጠፊያው ላይ በደንብ አየሁት። ሳይክሉ ፍሬን የለውም። ግራ እግሩን ወደኋላ ልኮ ሸበጡን የኋላ ጎማ ላይ እየጫነ ነው የሚያበርደው። የሸበጡ ሶል ተበልቶ ተበልቶ ተረከዙ ጋ አልቋል። ደግሞ ፈገግ ይላል! ተሳፋሪው ሁሉ «ኧረ ይሄ ልጅ!» አለ፣ አንዲት እናት አማተቡ፣ አጠገባቸው የተቀመጡት ሽማግሌ ያ አላህ አሉ። የልጁ ድፍረት አለ፤ የጎደለው ሁለት ፍሬን፣ አንድ ሄልሜትና ጠዋት ጠዋት ተከትሎት የሚነዳ አሠልጣኝ ነው።

ብስክሌት የኛ ስፖርት አይደለም የሚሉኝ አሉ። እንዴት አይደለም? ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደች ጊዜ፣ በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ይዛ የቀረበችው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ነው። ከአራት ዓመት በኋላ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈና አገሩ ሁሉ ሯጭ ሆነ። አልፈርድበትም። ጫማ እንኳ ሳያስፈልገው ወርቅ የሚያመጣ ስፖርት እያለ ማን ሳይክል ይገዛል? ቢሆንም የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ጎረቤታችንን ደግሞ ተመልከቱ። የአስመራው ቢንያም ግርማይ በ2024 ቱር ላይ ሦስት ምዕራፍ አሸንፎ፣ በነጥብ አንደኛ የሆነው የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ ለብሶ ፓስታ ቤቱንም ካፌውንም አንድ ላይ አስጨፈረ። ኤርትራ ውስጥ የብዙ ቀን ውድድር የተጀመረው በ1946 ነው። ቢንያም የተወለደው በ2000። አንድ ትውልድ ሌላውን መንገድ ዳር ቆሞ እያየ ነው ያደገው።

ገንዘቡስ? የምትሉኝን አውቃለሁ። ቱር ደ ፍራንስን የፈጠረው መንግሥት አይደለም፤ በ1903 ሎቶ የሚባል ጋዜጣ ነው፣ ተቀናቃኙን ጥሎ ብዙ ኮፒ ለመሸጥ። መሪው የሚለብሰው ቢጫ ማሊያ ራሱ የጋዜጣው ወረቀት ቢጫ ስለነበረ እንደሆነ ይነገራል። ማስታወቂያ ነው በቃ። ድሬ የሲሚንቶው፣ የፓስታው፣ የደረቅ ወደቡ ከተማ ናት። አንድ ባንክ ለአንድ የአዳራሽ ምረቃ ባነርና ከረቫት የሚያወጣውን አስቡና፣ ያው ባንክ ስሙ መቶ ልጆች ጀርባ ላይ ተጽፎ ከከዚራ እስከ ጅግጅጋ ሲያልፍ አስቡ። የመጀመሪያው ዓመት የክለቦች ውድድር ብቻ ይሁን። ከውጭ ማንም አይምጣ።

ጸጥታው ላይ ብዙ አልልም። ሰላም ከሌለ ሳይክልም የለም፣ ሠርግም የለም። መንገዱን ማን ይዘጋል ለሚለው ግን መልስ አለኝ። በዚህ ስፖርት መንገድ ቀኑን ሙሉ አይዘጋም። ሞተረኞች ፊት ፊት እየሄዱ ይዘጋሉ፣ ውድድሩ እንዳለፈ የመጨረሻው መኪና ከኋላ እየከፈተ ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ የቆመ ሹፌር ቢዘገይ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ነው። ይህ አቃተን እንዳንል ቁልቢ አለብን። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 በዚያው ዳገት የሚጎርፈውን ሕዝብ፣ በእግሩ የሚወጣውን፣ ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣውን፣ በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ትራፊክ ፖሊስ ያስተናግደዋል። መቶ ሳይክል ምን አላት?

የቀረው ጫት ነው። የአወዳይ ጫት ማንንም አይጠብቅም፤ የጫት መኪና ፊት የቆመ ውድድር ደግሞ ውድድር አይሆንም፣ አደጋ ነው። እዚህ ላይ ከነጋዴዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ ሰዓት መቁረጥ ያስፈልጋል፣ በደብዳቤ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። የኔ ሐሳብ ወሩ ኅዳር ወይ ጥር ይሁን፣ ሙቀቱ ጋብ ሲል። መነሻው ከጠዋቱ 1 ሰዓት። ደንገጎን ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት ይጨርሱታል፣ ቁልቢ ደርሰው ተመልሰው፣ አወዳይን አልፈው ሐረር 5 ሰዓት ሳይሞላ ይገባሉ። ሽልማቱ ቢበዛ እስከ 6 ሰዓት። ከዚያ ካለፈ፣ ምሳ ተበልቶ በርጫ ከተጀመረ በኋላ፣ ፖጋቻር ራሱ ቢመጣ ከቤቱ ወጥቶ የሚያጨበጭብለት ሰው አታገኙም።