ቪፒፒን መጫኑ ሳይሆን ማስተካከሉ ነው ሥራው

ስለ ቪፒፒ (ተራ ሰርቨርን ፈጣን ራውተር የሚያደርግ ሶፍትዌር) የጻፉት ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ እጅዎ ይባረክ። በተራ ሰርቨር ላይ ቪፒፒ ጭኖ ውድ ራውተር ከመግዛት መዳን ይቻላል ያሉት እውነት ነው። ግን ነገሩ ተጭኖ የሚያልቅ እንዳይመስል። እኔ ደብረ ማርቆስ የአንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ነው የምይዘው፤ ጣጣው ያለው ማስተካከያው ላይ ነው።

በ10 ጊጋቢት መስመር ባለ 64 ባይት ፓኬቶች (የዳታ ቁርጥራጮች) ሲጎርፉ በሰከንድ 14.88 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ለአንዱ ፓኬት የሚደርሰው ጊዜ 67 ናኖሰከንድ ገደማ ነው። ቪፒፒ የሚጠቀምበት ዲፒዲኬ የተባለው ሶፍትዌር ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ዘልሎ የኔትወርክ ካርዱን በቀጥታ የሚያናግረውም ለዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሂዩጅፔጅ (ትላልቅ የሜሞሪ ገጾች) ይመደብ። ከዚያ ለፓኬት ብቻ የሚሠሩ የፕሮሰሰር ኮሮች ሊኑክስ ለሌላ ሥራ እንዳይጠቀምባቸው ይለዩ። ሰርቨሩ ባለ ሁለት ሶኬት (ሁለት ፕሮሰሰር የሚሰካበት) ከሆነ ካርዱ የተሰካበትን ሶኬት ኮሮች ምረጡ። ይቺን ብዙ ሰው ይረሳና ፍጥነቱ ሲወርድ ካርዱን ይረግማል።

ኮሩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ብታዩት አትደንግጡ። ትራፊክ ባይኖርም «ፓኬት መጣ?» እያለ ሲጠይቅ ነው የሚውለው። መብራት ሲጠፋ ግን የሚበላው ኃይል ዩፒኤሱ ላይ ይታወቃል!

ኢንቴል ካርድ ከሆነ ደግሞ ቪፒፒ ሲወስደው ከሊኑክስ ይጠፋል። በኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከርቀት ማዘዣ) የገባችሁበትን ካርድ ከሰጣችሁት አለቀ፣ ኪቦርድና ስክሪን ይዛችሁ ሰርቨር ክፍል ነው። ለማኔጅመንት የራሱ ካርድ ይኑረው።

መስመሩ 200 ሜጋቢት ለሆነ ቢሮ ግን ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ተራው ሊኑክስ ይበቃዋል።

ቪፒፒ ብቻውን ቢጂፒ (ራውተሮች መንገድ የሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል) ስለማይሠራ፣ ይህን ከሚሠራው ኤፍአርአር ከተባለው ሶፍትዌር ጋር እንዴት እንዳገናኙት ቢጽፉልን ደስ ይለናል።