ጣርማበር ላይ የተገኘው ሁለት ቀን

ክርክሩን የለኮሰው መምህሩ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ብርዱ አላስቀምጥ ባለበት አንድ ምሽት፣ አረቄ ፊታችን ቀርቦ ሳለ "ሲሚንቶ አፍስሶ፣ ቦይ ቆፍሮ ጠላትን ያስቀረ አገር አሳዩኝ" አለ። ታሪክ ስለሚያስተምር ምሳሌ አያጣም። ፈረንሳይን አነሳ። "ጀርመን ድንበር ላይ በሠሩት የምሽግ መስመር፣ በማዢኖ መስመር፣ ላይ ስንት ዓመት ለፉ፣ ስንት ገንዘብ አፈሰሱ! ጀርመኖቹ እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 1940 ተነስተው በአርደን ጫካ በኩል ዞሩና በአራተኛው ቀን ሰዳን ላይ ወንዙን ተሻገሩ። በቃ፣ አለቀ።"

መቶ አለቃው ከመሐንዲስ ጦር በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መንገድ ሠርተዋል፣ መንገድም አፍርሰዋል። "መምህር፣ ማስቀረትና ማዘግየት ለየቅል ነው" አሉት። "የዚያን ዓመት እንግሊዞችን ተመልከት። ከፈረንሳዩ ወደብ ከደንከርክ የራሳቸውንም የአጋሮቻቸውንም ጦር ጨምረው ከ338 ሺህ በላይ ሰው አወጡ። መድፉ፣ ታንኩ፣ መኪናው ግን ማዶ ቀረ። ባዶ እጁን የቀረ ጦር ምን ያደርጋል? መሬቱን ያስታጥቃል።"

የአገር መከላከያውን እንዲመሩ የተሾሙት ጄኔራል አይረንሳይድ ደቡብና ምሥራቅ እንግሊዝን በመስመር ሸነሸኑት። ወንዝ ባለበት ወንዙን፣ የጀልባ ቦይ ባለበት ቦዩን የታንክ ማገጃ አደረጉት። ሁለቱም የሌሉበት ቦታ ተቆፈረ። አንደኛው መስመር ደቡብ ምዕራቡን ከባሕር እስከ ባሕር ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ይቆርጠዋል። በየመሻገሪያው ብዙዎቹ ስድስት ጎን ያላቸው የኮንክሪት ምሽጎች ተተከሉ። ስሱ ግድግዳ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ወፍራሙ ከአንድ ሜትር በላይ ነበር። አንዳንዱን ከሩቅ ላየው የድርቆሽ ክምር እንዲመስል ሸፈኑት።

መቶ አለቃው የመንገድ መዝጊያውን ሲያስረዱ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ እየተከሉ ነበር። አስፋልቱ ላይ ጉድጓድ በረድፍ ይሠራል፤ በአዘቦቱ ቀን ክዳን ተደርጎለት መኪና ያልፍበታል። ጠላት መጣ ሲባል ክዳኑ ይነሳና የታጠፈ የባቡር ሐዲድ ብረት ይሰካበታል። "ታንኩ እስኪያፈርሰው ስንት ደቂቃ ይቆማል? እሱን ደቂቃ ነው የምትፈልገው። ቆሞ ሳለ ትመታዋለህ፤ ባትመታውም ከኋላ ያለው ተጠባባቂ ጦር ይደርስልሃል።"

"ተጠባባቂው ካለ ነዋ!" አለ መምህሩ። አይረንሳይድ በጁላይ ተነሱ፤ የተተኩት ጄኔራል ብሩክ መስመር መገንባቱን ገታ አድርገው በመኪና የሚንቀሳቀስ ጦር ወደ ማደራጀቱ ዞሩ። "ራሳቸው እንግሊዞቹ ፈረዱበት እኮ" አለ። ነጥብ አስቆጠረ።

እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ሲሰማ የቆየው የደብረ ሲናው ሾፌር ነው። የጣርማበርን ዋሻ ሲመላለስበት የሚኖር ሰው ነው። "ጋሼ፣ እንግሊዝ ድረስ ምን አስኬደን? እኛው ጋ መንገዱ ተደርምሶ የለም እንዴ? ጣሊያን ታዲያ ቀረ?" አላቸው። የቅርቡን ጦርነት ማንም አላነሳም። ቁስሉ ገና ስለሆነ እኔም ባይነሳ መርጫለሁ።

የ1928ቱን ግን ሁሉም ያውቀዋል። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ሆነ። የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ከ1,600 በላይ መኪና አሰልፎ ሚያዝያ 18 ቀን ከደሴ ተነሳ። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ፣ ጣርማበር ላይ፣ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት እጩ መኮንኖች ከስዊድናዊው አሠልጣኛቸው ከካፒቴን ታም ጋር ወጥተው ነበር፤ ገና ትምህርታቸውን ያልጨረሱ ልጆች ናቸው። ዳገቱ ላይ መንገዱ ፈርሶ ጠበቀው። ያ ሁሉ መኪና ተደርድሮ ቆመ። ወታደሩ አካፋና ዶማ ይዞ ወረደ፤ ጥገናው ሁለት ቀን ያህል ፈጀበት።

"ያ ሁለት ቀን ባይኖር ጃንሆይ እጁ ላይ ይወድቁ ነበር" አሉ መቶ አለቃው። መምህሩ "ግምት ነው" ብሎ አልተቀበላቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው። ሾፌሩ ደግሞ "ሄዱ፣ ከተማው ግን ተያዘ" አለ። ከዚያ ወዲያ የሚሰማማ ጠፋ።

እኔ ፍርዴን ልስጥ። መምህሩ ማዢኖን ያነሳው ያለ ቦታው ነው፤ ፈረንሳዮችን የጎዳቸው ምሽጉ ሳይሆን ጀርመን የሚመጣበትን በር በቀጭን ጦር መተዋቸው ነው። ስለ ብሩክ ያለው እውነት ነው፤ እውነት የሚሆነው ግን ለጁላይ ነው። በጁን መጀመሪያ ላይ ብሩክም ቢሆኑ የሚያንቀሳቅሱት በቂ ጦር አይኖራቸውም ነበር። ሂትለር ወረራውን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 17 ቀን 1940 ሲያራዝም ያስቆሙት አየር ኃይሉና ባሕር ኃይሉ ናቸው፤ ምሽጎቹ አልተሞከሩም። ይህ ግን ከንቱ ነበሩ አያሰኛቸውም። በዚያ ክረምት ፋብሪካው መድፍ እያወጣ ነበር፤ መስመሩ የሚጠብቀው ነገር ከኋላው ነበረው።

ጣርማበር ላይ የጎደለው ይኸው ነው። ከጣርማበር እስከ አዲስ አበባ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ የሚገባውን ጠላት የሚገጥም ጦር አልተረፈም ነበር። ስለ ጃንሆይ የተባለውን ማረጋገጥ አልችልም፤ ቀኖቹን ሳሰላ ግን ወደ መቶ አለቃው አዘነብላለሁ። ለሾፌሩ የምለው አለኝ፦ "ጣሊያን ታዲያ ቀረ?" ተብሎ እነዚያ ልጆች ሊጠየቁ አይገባም። የተሰጣቸው ሥራ ማዘግየት ነበር፤ አዘገዩም። ከነሱም ብዙዎቹ እጅ ሳይሰጡ ወደ ወለጋ ወርደው ጥቁር አንበሳ የተባለውን የአርበኞች ጦር አቋቋሙ። በሁለቱ ቀን ምን ተሠራበት ብሎ የሚጠይቅ፣ ጥያቄውን ከማይጨው በፊት ሁለተኛ ጦር አዘጋጅተው ላላስቀመጡት ያቅርብ።