ባቲ ገበያ ፍየል ስንት ዋለ?

እናቴ ሰኞ ማታ የማትተዋት አንድ ጥያቄ አለቻት። ከባቲ ገበያ የተመለሰ ሰው ካገኘች፣ ሰላምታው ሳያልቅ «ፍየል ስንት ዋለ? በቆሎስ?» ትላለች። ደሴ ተወልዳ ደሴ ያደገች ናት። ፍየል ነግዳ አታውቅም። ልጅ ሆኜ ምን እንደሚያሳስባት አይገባኝም ነበር።

በየዓመቱ ጥቅምት 6 የዓለም ምግብ ቀን ይከበራል። በየመድረኩ የሚነገረው ያው ነው፤ ሕዝብ በዛ፣ ዝናብ ቀረ፣ ስለዚህ ምርት እንጨምር። ምርት ቢጨምር ማን ይጠላል? ግን ረሃብ የእህል እጥረት ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ ሰው ይገድላል። ይህን ወሎ በደንብ ያውቀዋል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ዓለም በዓመት 2.8 ቢሊዮን ቶን ገደማ እህል ታመርታለች። የሰው ቁጥር ከ8 ቢሊዮን አልፏል። እኩል እንካፈል ብንል፣ ትናንት የተወለደው ሕፃን ሳይቀር ለያንዳንዱ 3 ኩንታል ተኩል ያህል ይደርሰዋል። በወር 29 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። የሴፍቲኔት፣ መንግሥት ለችግረኛ ቤተሰብ እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጥበት ፕሮግራም፣ ተረጂ በወር የሚሰፈርለት 15 ኪሎ እህል ነው። ድርሻው ግን እጥፉ ነበር። ከዚሁ እህል ከሲሶ በላዩ ለከብት መኖ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከቤት፣ ከምግብ ቤትና ከሱቅ ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ምግብ ተጥሏል። ይህ ሁሉ እያለ በ2024 የተራበው ሕዝብ 673 ሚሊዮን ያህል ነው ይላል የተባበሩት መንግሥታት ግምት። እህሉስ አለ።

በ1965 እናቴ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። አያቴ ዘመድ ጥየቃ ወደ ኮምቦልቻ ይዘዋት ሲወርዱ፣ ከሐረጎ ጀምሮ የመንገዱ ዳርና ዳር ሰው ብቻ ነበር። ከራያ፣ ከየጁ፣ ከአምባሰል የተነሳው ሁሉ ወደ ዋናው የአዲስ አበባ - አስመራ መንገድ ወርዷል። መኪና እያስቆመ ቁራሽ ይለምናል። ስታወራልኝ ከሁሉ በላይ የሚከብዳት ግን ሌላ ነው። ጆንያ የጫነ መኪና በነዚያ ሰዎች መሀል ጥሩንባውን እየነፋ ሲያልፍ አይታለች።

የልጅ ትዝታ ነው ይባል ይሆናል። ግን እ.ኤ.አ. በ1998 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ህንዳዊው አማርትያ ሴን፣ የወሎን ረሃብ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተመው ጽሑፍ ከእናቴ ጋር ይስማማል። በአገር ደረጃ የነበረው ምግብ ያን ያህል አልቀነሰም ነበር። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙም አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ ነበር።

ሰው እያለቀ ዋጋ እንዴት አይንርም? ገዢ ስለሌለ ነዋ። ገበሬው ማሳው ሲደርቅበት የሚበላውንም የሚሸጠውንም በአንድ ቀን ነው ያጣው። ጨው የሚገዛው፣ ግብር የሚከፍለው፣ ልጅ የሚያሳክመው በዚያው እህል ነበር። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ምንም ያህል ቢርበው ገበያው አይሰማውም። ነጋዴ ደግሞ እህሉን ገንዘብ ወዳለበት ይጭናል። የሴንን ቁጥሮች የሚሞግቱ ምሁራን አሉ። ወሎ ውስጥ ምርቱ ክፉኛ መውደቁን እሱም አይክድም። እኔ ግን ገንዘብ የሌለው ሰው አጠገቡ እህል እያለ ሊሞት ይችላል የሚለውን ነጥቡን ያፈረሰ አላየሁም።

የእናቴ ጥያቄ የገባኝም ይህን ከተረዳሁ በኋላ ነው። ባቲን የሚያውቅ ያውቃታል። ሰኞ ሰኞ የአፋር አርብቶ አደር ከቆላ ግመልና ፍየል ነድቶ ይመጣል። የደጋው ሰው እህል ይዞ ይወርዳል። ደህና ዘመን ሲሆን አንድ ደህና ፍየል የቤተሰብ የሰንበቻ እህል ይገዛል። ድርቅ ሲመጣ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ሻጭ ይሆናል። ሣር የለማ! ፍየሉ ከስቷል፣ ነገ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ባለቤቱ የተጠራለትን ዋጋ ይቀበላል። እህሉ ደግሞ በዚያው ሰሞን ብዙ ጊዜ ይወደዳል። አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ፣ አምና አንድ ፍየል የገዛውን በቆሎ ዘንድሮ ሦስት ፍየል አይገዛውም። በ1965ም እጅግ ከተጎዱት መሀል አፋሮች ነበሩ። የአዋሽ ዳር የበጋ ግጦሻቸውን የጥጥና የሸንኮራ እርሻ አስቀድሞ ወስዶባቸው ነበር።

የደጋው ገበሬም ከዚህ አያመልጥም። በልግ ሲቀርበት መጀመሪያ ዶሮና በግ ይሸጣል። ቀጥሎ ላሟን። መጨረሻ ላይ በሬውን። በሬ ከተሸጠ የከርሞ እርሻም አብሮ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ የሚደርስ ስንዴ ነፍስ ያቆያል እንጂ ቤት አያቆምም። እኛ «ረሃብ» ብለን የምንጮኸው ግን ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የከሳ ሕፃን ፎቶ ስናይ ነው።

ጦርነትን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2024 በ53 አገሮች ከ295 ሚሊዮን በላይ ሰው አጣዳፊ የምግብ ችግር ላይ ወድቆ ነበር። 140 ሚሊዮን ያህሉ ዋናው ምክንያታቸው ግጭት ነው። የጋዛንና የሱዳንን እያየን ነው። እኛም ቤት ሆኗል። ኅዳር 2014 በጦርነቱ መሀል ኮምቦልቻ ያሉት የእርዳታ እህል መጋዘኖች ሲዘረፉ፣ ለተጎዱ ሕፃናት የተዘጋጀው አልሚ ምግብ እንኳ አልቀረም። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በደሴና በኮምቦልቻ እደላውን አቆመ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ሰላማዊ ሰውን ማስራብ የጦር ስልት እንዳይሆን እ.ኤ.አ. በ2018 በውሳኔ ቁጥር 2417 አውግዟል። ውሳኔው ግን እስካሁን ወረቀት ላይ ነው። ያማል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

በእርዳታ ላይ ብቻ መንጠልጠል እንደማያዋጣ አይተናል። ሰኔ 2015 እርዳታው እየተሰረቀ ነው ተብሎ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ ሲያቆሙት፣ ለወራት እህል የቀረበት ሌባው ሳይሆን ችግረኛው ነው። በ2017 ደግሞ የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ራሱ ተዘጋ። ከጅቡቲ በሚሌ በኩል የሚመጣ ስንዴ ጠብቆ ማደር ዕቅድ ሊባል አይችልም።

እኔ የምለው ገንዘቡ ከረሃቡ ይቅደም ነው። ሰሜን ኬንያ ውስጥ እነ ቱርካናና ማርሳቢት ይህን ጀምረውታል። ሣሩ መድረቁን ሳተላይት ሲያሳይ፣ ቀድሞ ለተመዘገቡ ቤተሰቦች ተጨማሪ ጥሬ ገንዘብ ይለቀቃል። እኛም ከ1997 ጀምሮ ሴፍቲኔት አለን። የተመዘገበ ሰው አለን። የጎደለን ቁርጥ ያለ መነሻ ነው። የእኛ መነሻ የባቲ ገበያ ሊሆን ይችላል። አንድ ፍየል ስንት ኪሎ በቆሎ ይገዛል? ይህ ልክ በግማሽ ሲወርድ፣ ስብሰባ ሳይጠራ፣ የጉዳት ጥናት ሳይጠበቅ፣ ገንዘቡ በዚያው ሳምንት ሰዉ እጅ ይግባ። ያን ጊዜ አርብቶ አደሩ ፍየሉን በርካሽ አይጥልም። ገዢ ስላለ ነጋዴውም እህሉን ወደ ባቲ ይጭናል እንጂ ከባቲ አያወጣም።

ገንዘብ ዋጋ ያንራል የሚል ይኖራል። እህል በሌለበት እውነት ነው። ለዚያ ነው መጠባበቂያ እህል የሚያስፈልገው። ኮምቦልቻ የመጠባበቂያ መጋዘን አላት። ዋጋ መንደድ ሲጀምር ከዚያ እያወጡ ገበያ ላይ ማፍሰስ ነው። መጋዘኑ ሲሞላ ደግሞ ከተቻለ ከዚሁ ከቃሉና ከከሚሴ አካባቢ ገበሬ ይገዛ። ብራዚል ከትምህርት ቤት ምገባ በጀቷ ቢያንስ 30 ከመቶው ከአነስተኛ ገበሬዎች እንዲገዛበት እ.ኤ.አ. በ2009 በሕግ ደንግጋለች። ልጁም ይበላል፣ ገበሬውም ይሸጣል።

ግን ዋጋው ሲወርድ አፍ አውጥቶ የሚናገር ሰው ከሌለ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። በ1965 የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ መጥተው ያነሱትን ፎቶ እስኪያሳዩ ድረስ ነገሩ ተሸፍኖ ነበር። ዛሬም ቢሆን «ወረዳዬ ተራበ» ማለት የሚያስፈራው ኃላፊ ካለ፣ ቁጥሩ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ እያማረ ይሄዳል። ስለዚህ የባቲ ዋጋ በየሰኞው በሬዲዮ ይነገር። ገበያው መግቢያ ላይ በሰሌዳ ይጻፍ። የፍየሉ ዋጋ በአንድ ረድፍ፣ የበቆሎው በሌላ ረድፍ፣ የአምናው ከጎኑ። ያን ጊዜ እናቴ ከባቲ የሚመለስ መንገደኛ መጠበቅ አያስፈልጋትም።